የጋሽ ዘኬዎስ ተራ

ሁሉም ነገር የጀመረው ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ነው። የሴሚስተሩ ውጤት የተለቀቀበት ጠዋት ነበር። በኮሌጃችን ግቢ ውስጥ ስልኩ ላይ ያላቀረቀረ ተማሪ አልነበረም፤ ሁሉም በዋይፋዩ ገብቶ ውጤቱን ለማየት ይሽቀዳደማል። በዚያው ግርግር መሃል አንድ ሰው ትዕግሥት በምትባል የሬጅስትራር ሠራተኛ ስምና የይለፍ ቃል ገብቶ የአንድ ተማሪን ውጤት ከኤፍ ወደ ቢ ለወጠ።

ያን ሰኞ ሳስታውስ ግን ቀድመው የሚመጡብኝ ትዕግሥትም ተማሪውም አይደሉም። ጋሽ ዘኬዎስ ናቸው። የኔትወርክ ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ትውልድ ቦታቸው ገረሴ ገብተዋል። ስደውልላቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ “እርሻ ላይ ናቸው፣ ስልኩን ትተውት ነው የሚወጡት” ይለኛል። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ስብሰባችንም ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በሥራ ዘመኔ እንደሳቸው ያናደደኝ ሰው የለምና።

ኮሌጁ ከከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ነው ያለው። የቢሯችን መስኮት ወደ ጫሞ ሐይቅ ያያል ይባላል፤ እኔ ግን አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ሰርቨሮቹ እንዳይሞቁ ተብሎ መጋረጃው ሁሌም ዝግ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን፦ ጋሽ ዘኬዎስ፣ ቢንያምና እኔ። ቢንያም አፉ የማያርፍ፣ ቀልደኛ፣ የሠራውን ሥራ ከሠራው ጊዜ ይልቅ ለረጅም ጊዜ የሚያወራ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ሰው “ስምሽ ማነው?” ሲለኝ ሁለት ጊዜ ሳልደግም የማይሰማኝ ዓይነት ነኝ።

ጋሽ ዘኬዎስ ረጅምና ቀጭን ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይረሱታል። ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ አዲስ የመጣ ሰው የተኙ ይመስለዋል። ተናጋሪው ሲያበቃ ዓይናቸውን ሳይገልጡ “ጨረስሽ?” ይላሉ። “አዎ ጋሼ” ይባላሉ። ዝም ይላሉ። ዝምታው ይረዝማል። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገልጠው፣ “አልጨረስሽም” ይላሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ያስለቅሰኝ ነበር። መናገር ለእኔ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደ መግባት ነው፤ ገብቼ በወጣሁ በደቂቃው “ተመለሺ” ይሉኛል። የባሰው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው። ሁሌም አንድ ያስቀረሁት ነገር ይኖራል።

የሳቸው ስብሰባ ሕግ ነበረው። በዕድሜ ትልቁ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ቢንያም፣ መጨረሻ እኔ። ማንም ማንንም አያቋርጥም። አንዴ የተናገረ ሰው፣ ሌሎቹ ሁሉ ሳይናገሩ አይደግምም። ሁሉም ካልተስማማ ምንም አይወሰንም። ይህን ያመጡት ከገረሴ ነው። እዚያ ደጋው ላይ ሽማግሌዎች ጉዳይ የሚጨርሱበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል፤ አባታቸው በዱቡሻው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። “እዚያ ብዙ ከብት ያለውም፣ ምንም የሌለውም አንድ አንድ ተራ ነው ያለው” ይሉን ነበር። “ሀብታሙ ሁለቴ አይናገርም። ጨረስኩ።”

ቢንያም ከጀርባቸው ያሾፍ ነበር። “እኛ እኮ የፓስወርድ መቀየሪያ ቀን ለመወሰን የሰላም ድርድር የምንቀመጥ ብቸኛ አይቲዎች ነን።”

ምሳ ላይ እንኳ ያው ነው። አርብ አርብ በሚኒባስ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወርደን ለብለብ ዓሣ እንበላለን። ዓሣውን የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው፤ በሦስት እኩል። ቢንያም ክብደቱ የኔ እጥፍ ነው፤ ድርሻውን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ሳህኔን ያያል። እኔ ደግሞ ግማሹ በቂዬ ነው።

“ጋሼ፣ ለቢንያም ልስጠው፣ ጠገብኩ።”

“ድርሻሽ ነው። ብዪ።”

“ሆዴ እኮ ሰፊ ነው ጋሼ፤ እሱም ተራ ይጠብቅ እንዴ?” ይላል ቢንያም።

“ስትመጣ በልተህ ና” ይሉታል፤ አይስቁም።

ያኔ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ግን ይኸው ነገር በሥራችን ላይ ሲመጣ የሚያስቅ አልሆነም።

የሥራችን ትልቁ ክፍል ሎግ መሰብሰብ ነው። በኮሌጁና በየቅርንጫፉ ያለ መሣሪያ ሁሉ የሚያየውን ይናገራል፦ ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ መቼ ወጣ። ይህ ንግግር ነው ሎግ የሚባለው። ንግግሩን ተቀብለው የሚያስቀምጡ ሁለት ሰርቨሮች አሉን። ከፊታቸው አንድ አከፋፋይ ቆሟል፤ የሚመጣውን መሣሪያ ሁሉ “አንተ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ” እያለ ይመራል።

ጋሽ ዘኬዎስ አከፋፋዩን በተራ አደረጉት። የመጀመሪያው መሣሪያ ወደ አንደኛው ሰርቨር፣ ቀጣዩ ወደ ሁለተኛው፣ ቀጣዩ እንደገና ወደ አንደኛው። አንዴ የተመደበ መሣሪያ ግንኙነቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ከተመደበበት አይነቃነቅም። በቁጥር ካየነው ሁለቱ ሰርቨሮች እኩል መሣሪያ ይዘዋል፤ ፍጹም ፍትሕ። ነገር ግን የገረሴ ቅርንጫፍ ትንሿ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ብትናገር ጥቂት ቃል ነው። የዋናው ግቢ ዋይፋይ መቆጣጠሪያ ግን የሺህ ተማሪ ስልክ ሲገባና ሲወጣ እየተከተለ ትንፋሽ ሳይወስድ ይናገራል። ለሁለቱም የተሰጣቸው አንድ አንድ ተራ ነው።

ስለዚህ በየጠዋቱ ተማሪው ሲገባ አንደኛው ሰርቨር ይታነቃል። ወረፋው ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣውን መያዝ ስለማይችል ይጥለዋል። ሁለተኛው እዚያው አጠገቡ ሥራ ፈትቶ ይውላል። የወደቀው ንግግር ደግሞ ወደቀ ነው፤ ተመልሶ አይገኝም።

ይህን በተቀጠርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ አይቻለሁ። ሰርቨሩ ራሱ ስንት እንደጣለ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን አሳየኋቸው። ጋሽ ዘኬዎስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፣ “ጨረስሽ?” አሉ፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ “ሠራተኛ አንሶን ነው” አሉ፤ ሰርቨር ማለታቸው ነው። ሦስተኛ ሰርቨር ለማስገዛት ተነሡ። በየቢሮው እየዞሩ፣ በየበሩ ተራቸውን እየጠበቁ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ አስገዙት። የመጣ ዕለት ካርቶኑን ራሳቸው ተሸክመው አስገቡ፤ እንደዚያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም።

ምንም አልተለወጠም። ዋይፋዩ አሁንም አንድ ግንኙነት ነው፤ አንድ ግንኙነት ደግሞ አንዱ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው። ሦስተኛው መጥቶ ከሁለተኛው ጋር ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

“ጋሼ፣ አሥር ብንገዛም ያው ነው” አልኳቸው። “ዋይፋዩ የሚናገረው በአንድ በር ነው። በብዙ በር እንዲናገር እናድርገው። አከፋፋዩ ያኔ ለሦስቱም ያዳርሰዋል።”

“አንድ ሰው አሥር ቦታ ተቀምጦ አሥር ጊዜ ይናገር ነው የምትዪኝ?”

“ሰው አይደለም እኮ ጋሼ።”

“ተራ ከሰጠሽው ሰው ነው።”

ቢንያምም አልደገፈኝም። ሥርዓቱን ከጋሽ ዘኬዎስ ጋር የዘረጋው እሱ ነው፤ በአመራሩ ፊት ቀርቦ “አንዲት ቃል አታመልጠንም” ብሎ ያስጨበጨበውም እሱ ነው። ሦስታችንም ስላልተስማማን ነገሩ እንዳለ ቀረ። በየጠዋቱ አንደኛው ሰርቨር ይታነቃል፤ በየጠዋቱ እኔ አየዋለሁ፤ በየስብሰባው መጨረሻ ላይ ተራዬ ሲደርስ እናገራለሁ። ውኃ ሲፈስ እያዩ ባልዲውን ለማዞር ፈቃድ እንደ መጠበቅ ነበር።

ያ ሰኞ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ትዕግሥት ሲቀላ የምከራይበት ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ ናት። ማክሰኞ የውጤቱ መለወጥ ታወቀ፤ አመሻሹ ላይ ዓይኗ አብጦ መጣች። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሥራ አግዷታል።

“ፍቅርተ፣ እኔ ተማሪ የማስተናግድበት መስኮት ላይ ነበርኩ” አለችኝ። “ኮምፒዩተሬ ደርቋል፣ ተማሪው ሰልፍ ይዞ ይጮህብኛል። ደግሞ የኔን የይለፍ ቃል ቢሯችን ውስጥ የማያውቅ አለ? አንዳችን ስንታመም ሌላዋ በስሟ አይደል የምትሠራው?”

ያን ኮሚቴው አልሰማላትም። የሬጅስትራሩ ፕሮግራም የሚያሳየው በትዕግሥት ስም መገባቱን ብቻ ነው። ከጠረጴዛዋ ይሁን፣ በዋይፋይ ከሌላ ሰው ስልክ ይሁን፣ የሚለየው የዋይፋዩ ሎግ ነው። ኮሚቴው ሎጉን ከእኛ ጠየቀ። ቢንያም አውጥቶ ላከ። በዚያ ሰዓት በዋይፋይ ወደ ሬጅስትራሩ የገባ አንድም ሰው አይታይበትም። ኮሚቴውም እንዲህ አለ፦ በዋይፋይ የገባ ሰው ከሌለ፣ ከጠረጴዛዋ ነው የተሠራው፤ ራሷ ናት።

ሎጉን ከፍቼ አየሁት። በሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ንግግሩ ይቋረጣል፤ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚቀጥለው። ውጤት የተለቀቀበት ጠዋት ነው እኮ! ግቢው ሙሉ በዋይፋይ ላይ ነበር። ሎጉ ግን ማንም የለም ይላል።

ማግሥቱን ስብሰባ ተቀመጥን። ተራዬ ሲደርስ፣ “ሎጋችን ሙሉ እንዳልሆነ ለኮሚቴው በጽሑፍ እንንገር” አልኩ። ጋሽ ዘኬዎስ ወዲያው ተቀበሉ። ቢንያም ግን ጠረጴዛውን መታ።

“ሥርዓታችን ተበላሽቷል ብለን ራሳችንን እንክሰስ? ነገ ማን ያምነናል? ደግሞስ ልጅቷ አለማድረጓን በምን አወቅሽ?”

“አላውቅም። ማድረጓንም አናውቅም ነው የምለው።”

“እና ላላወቅሽው ነገር ነው ልታዋርጂን የፈለግሽው?”

ጋሽ ዘኬዎስ ዓይናቸውን ገለጡ። “ቢንያም አልተስማማም። ሌላ ቀን እንቀመጥ።”

ለሁለተኛ ጊዜ ተቀመጥን። ቢንያም አልተስማማም። የኮሚቴው ውሳኔ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ተቀጠረ። እኔ በየማታው ወደ ግቢ ስገባ ትዕግሥት በሯ ላይ ቆማ “ዛሬስ?” ትለኛለች። የሻይ ኩባያዋን ከቢሮ አምጥታ መስኮቷ ላይ አስቀምጣዋለች።

“ለምን እርስዎ ብቻዎን ሄደው አይነግሯቸውም?” አልኳቸው ጋሽ ዘኬዎስን፣ ኮሪደር ላይ ብቻቸውን ሳገኛቸው። እንደዚያ ደፍሬ ተናግሬያቸው አላውቅም። “ኃላፊው እርስዎ ነዎት።”

“እኔ ብቻዬን ብሄድ ቢንያምን ይጠሩታል። እሱ ‘ሎጉ ሙሉ ነው’ ይላል። ከዚያ የማንን ያምናሉ?”

“የእርስዎን!”

“በዕድሜዬ?” ፈገግ አሉ። “ልጄ፣ የተሰነጠቀ ቃል ይዘሽላት ብትገቢ ለልጅቷ ከዝምታ ይብስባታል።”

በውሳኔው ዋዜማ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጥን። ስምንት ሰዓት ላይ ጀምረን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አልጨረስንም ነበር። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ዙር ላይ ተራዬ ሲደርስ፣ ስለ ሰርቨር መናገሩ እንደማያዋጣ ገብቶኝ ስለ ዱቡሻ ተናገርኩ።

“ጋሼ፣ በዱቡሻው አንድ ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። የገረሴዋ መሣሪያ እንደዚያ ናት። ዋይፋዩ ግን አንድ ሰው አይደለም። ስልክ የያዘው ተማሪ ሁሉ ነው፤ መንደሩን በሙሉ በአንድ አፍ ተናገር ብለን አንድ ተራ ሰጠነው። ሲጨናነቅ አፉን ያዝነው። አሁን ደግሞ ‘መንደሩ ምንም አላለም’ ብለን እየመሰከርን ነው።”

“ጨረስሽ?” አላሉኝም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ያዙት። 

“ተራ የሰጠሁት ለበሩ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ከበሩ ኋላ ስንት ሰው እንደቆመ አላየሁም።” ወደ ቢንያም ዞሩ። “አንተስ?”

ቢንያም ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ያይ ነበር። “እሺ፣ እሺ፣ በቃ፣ ተስማምቻለሁ! ደብዳቤውን ጻፉት፣ እፈርማለሁ። ኳሱ ሊጀምር ነው።”

ትንፋሼን ለቀቅኩ። ወረቀት ለማውጣት መሳቢያውን ስከፍት ጋሽ ዘኬዎስ እጃቸውን አነሡ።

“አልተስማማህም” አሉት። “የተስማማው ኳሱ ነው።”

“ጋሼ፣ እፈርማለሁ አልኩ እኮ!”

“ነገ የኮሚቴው ሰብሳቢ ‘አንተ ታምንበታለህ?’ ቢልህ ምን ትላለህ?”

ቢንያም አንገቱን አከከ። “እኔ እንጃ። ‘ሊሆን ይችላል’ እላለሁ።”

“ይኸው።” ተነሡ። “አልጨረስንም።”

“ጋሼ!” አልኩ። ድምፄ ከቢሮው ውጭ የተሰማ መሰለኝ። “ነገ ጠዋት እኮ ነው! እሺ ብሏል! ይፈርማል! ሌላ ምን ይፈልጋሉ?”

መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርገው ወደ ውጭ አዩ። “እውነቱን ቢስማማ ነው የምፈልገው” አሉ። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ያን ዕለት በእግሬ ነው እስከ ሲቀላ የወረድኩት፤ ሚኒባስ ውስጥ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ ለመቀመጥ የሚሆን ልብ አልነበረኝም። ሙሉውን መንገድ በልቤ ስከራከራቸው ነበር። ትክክለኛ ሰው መሆን እንዲህ ሌላውን ገደል የሚከት ከሆነ ምን ይጠቅማል? አንድ ፊርማ! ፊርማው በእጃችን ገብቶ ነበር፤ ንጹሕ አይደለም ብለው ወረወሩት። እስከ ዛሬም ይህን ሳስብ ፊቴ ይግላል። ትዕግሥት በሯ ላይ ቆማ ነበር። “ዛሬስ?” ሳትል ፊቴን አይታ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ያደረግሁት እሳቸውን በመታዘዝ አይደለም፤ በንዴት ነው። እውነተኛ ስምምነት ከፈለጉ ይኸውልዎት ብዬ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ለቢንያም ደወልኩለት። ደውዬለት አላውቅም ነበር።

“ማን ሞተ?” አለ።

“ማንም። ሻይ ልጋብዝህ፣ የተማሪዎች ካፌ ና። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ።”

“ፍቅርተ ወንድ መጋበዝ ጀመረች! ዛሬማ ዝናብ ይጥላል” እያለ መጣ። የምዝገባ ጠዋት ነበር፤ ካፌው ጢም ብሏል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። ሻይ አዘዝኩለት።

“ስልክህን አውጣ። በዋይፋይ ግባና የሬጅስትራሩን ገጽ ክፈት።”

ከፈተ። “ከዚያስ?”

“ውጣ። እንደገና ግባ።”

“ሴትየዋ፣ እያሠለጠንሽኝ ነው?” ግን አደረገው፤ ሻዩን እየጠጣ ሦስት አራት ጊዜ ገባ ወጣ። አጠገባችን ያሉት ተማሪዎችም ያንኑ እያደረጉ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ላፕቶፔን ከፍቼ ወደ እሱ አዞርኩት።

“ሎጉ ይኸው። ራስህን ፈልገው።”

ስሙን ጻፈ። ምንም አልመጣም። የስልኩን መለያ ጻፈ። ምንም። ሳቀ። “ስሕተት ጽፌ ነው” ብሎ እንደገና ጻፈ። ሰዓቱን አሰፋ። ከዚያ መሳቁን ተወ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ ንግግሩ ከተቋረጠበት ቦታ እስከ ታች ድረስ ቀስ ብሎ ወረደ።

“የለሁም” አለ።

“የለህም።”

“እዚህ ተቀምጬ እኮ ነው! ሻይ እየጠጣሁ!”

 ከጎናችን ያሉትን ተማሪዎች አያቸው፤ እነሱም የሉም። አንገቱን አላከከም በዚህ ጊዜ።

“የላክሁላቸው ይሄንን ነው” አለ። “ፍቅርተ፣ እኔ ነኝ የላክሁላቸው።” ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

የአስተዳደሩ ሕንጻ ስንደርስ ጋሽ ዘኬዎስ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። የሚናገሩት ስምምነት በእጃቸው ሳይኖር ለምን እንደመጡ ዛሬም አልጠየቅኳቸውም። ትዕግሥት አግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

ቢንያም ፊታቸው ቆመ። “ጋሼ፣ ሎጉ ቀዳዳ ነው። ራሴን ፈልጌ አጣሁት። ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ ነው የምለው።”

በተከፈቱ ዓይኖቻቸው አዩት። አንድም ቃል አልጠየቁትም። ተነሥተው በሩን አንኳኩ።

ኮሚቴው በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። “የኔትወርክ ክፍል? ጊዜ የለንም። ማነው የሚናገረው? አቶ ዘኬዎስ፣ እርስዎ ይጀምሩ።”

“ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ” አሉ። “ብዙ ያላት እሷ ናት።”

እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ቢንያም ዞር ብሎ አያቸው። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አልተደነቅሁም፤ ተናደድኩ እንጂ። ሳይነግሩኝ!  ሰብሳቢው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ “አልሰማንሽም” እስኪል ድረስ መናገር መጀመሬን እንኳ አላወቅሁም። እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብዬ። አንደኛው ሰርቨር በጠዋት ምን እንደሚሆን፣ ሲሞላ ምን እንደሚጥል፣ ያን ሰኞ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደጣለ፣ ዛሬ ጠዋት ካፌ ውስጥ ቢንያም ራሱን ፈልጎ እንዳጣ ነገርኳቸው። ቢንያም “እውነት ነው” አለ።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እና ውጤቱን የለወጠው ማነው?”

“አላውቅም።”

“እሷ አይደለችም ነው የምትዪው?”

“እሱንም አላውቅም። ሎጉ አያሳይም።”

“ታዲያ ምን ልትነግሪን መጣሽ?” ብሎ ተቆጣ።

“እንደማናውቅ” አልኩ። “እናውቃለን ብለን የላክንላችሁ ስሕተት እንደሆነ። በዚያ ሰዓት በዋይፋይ ማን እንደገባ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ የገባ የለም ብሎ ሊነግራችሁም አይችልም።”

 ከጠረጴዛው ጫፍ የነበሩት ሴት አባል ወደ ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አሉት። እሱ ፋይሉን ገልጦ ቢንያም የላከውን ሎግ አወጣና በጠረጴዛው ላይ ገፍቶ ወደ እኔ መለሰው። “እስኪጣራ ድረስ ሥራዋን ትቀጥል” አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጸሐፊው ነው የተናገረው።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ትዕግሥት ከአግዳሚው ተነሥታ በእጄ ያሉትን ወረቀቶች አየች።

“ወደ መስኮትሽ ሂጂ” አልኳት። “ሰልፍ አለ።”